ጣይባ ስለ ስብ የሰማችው ግማሽ ወሬ

ጣይባ በደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነች። ሰፊነቷ በሁለቱም ትርጉሙ እውነት መሆኑን ራሷ ቀድማ ስለምትናገር በውፍረቷ የሚያሾፍባት ሰው አጥታለች። ስኳር በሽታ እንዳለባት ካወቀች አራት ዓመቷ ነው። ኪኒኗን ሳታዛንፍ ትውጣለች፤ የምግቡን ምክር ግን አንድ ቀን ትሰማና ሁለት ቀን ትረሳለች።

ባለፈው ዒድ የእህቷ ልጅ ከይሪያ ልትጠይቃት መጣች። ከይሪያ ኮምቦልቻ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች። ስትመለስ ጣይባ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት፤ መንገድ ላይም ልጅቱ ያነበበችውን አጫወተቻት። የሰው ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ጓዝ አይደለም፣ አዲፖኔክቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል አለቻት። ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሕዋሳት ስኳር ሲበዛባቸው ይጎዳሉ፣ ይሞታሉም። ተመራማሪዎች ያንን ሆርሞን በላቦራቶሪ ሲጨምሩላቸው ግን ጉዳቱ ቀነሰላቸው። ከይሪያ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በመስኮት «ግን እኮ አክስቴ...» ማለት ስትጀምር ሹፌሩ ነድቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ተያያዘው።

ለጣይባ የሰማችው በቂ ነበር። በማግስቱ ልብስ ለመለካት የመጣውን ሁሉ ሆዷን ቸብ ቸብ እያደረገች፣ ይህ የቆሽቴ ዘበኛ ነው እያለች ታስተምር ጀመር። ለልጇ ሠርግ ልትከሳ ምሳ የተወችው ጎረቤቷ ወርቅነሽ ወሬውን ስትሰማ ወደ ምሳዋ ተመለሰች፤ ቀሚሷንም ሁለት ጣት ያህል አሰፋች። ጣይባም ለዘበኛዋ ደመወዝ ይሁን ብላ ከሥጋው ጮማውን፣ ከኬክ ቤት ባቅላባውን አታስቀርበትም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ክሊኒክ ስትለካ ስኳሯ ከወትሮው እጅግ ጨምሮ ተገኘ። ነገሩ ግራ ቢገባት ሱቋን ዘግታ በዚያው ኮምቦልቻ ወረደችና ከይሪያን ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄዳ ጠየቀቻት።

«አክስቴ፣ ያልጨረስኩልዎት ዋናውን ነበር» አለች ከይሪያ። «ስቡ ሲበዛ፣ በተለይ ሆድ ላይ ሲከማች፣ የሚያወጣው አዲፖኔክቲን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።»

ጣይባ «ዘበኛ ሲበዛ ሁሉም እንቅልፉን የሚለጥጠው እዚህም ነው በይኛ» አለች።

ከይሪያ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። ሳቋ ሲበርድላት፣ የላቦራቶሪ ሕዋስና የሰው አካል እኩል እንዳልሆኑ፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጥ፣ ምግቧን መጥና በእግሯ እንድትሄድ ደጋግማ አስጠነቀቀቻት።

ከዚህ ሁሉ የከበዳት ደሴ ተመልሶ የተናገሩትን ማረም ነበር። ዝም ብትልም ማንም አይጠይቃትም፤ ሆኖም ደንበኞቿን አንድ በአንድ እየጠራች፣ ያወራሁላችሁ ግማሽ ነው፣ ወላሂ ሌላውን ሳልሰማ ነው አለቻቸው። አብዛኞቹ ሳቁባት። ወርቅነሽ ግን ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀሚሱን ይዛ መጣች።

«አሁን ይህን ማን ያጠብበዋል?»

«ስፌቱን እኔ» አለች ጣይባ፤ «ሌላውን አብረን እንሞክራለን።»

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት፣ አንዷ ከሶላት ሌላዋ ከኪዳን መልስ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በእግራቸው ይሄዳሉ። ዳገቱ ላይ ወርቅነሽ ትቀድማለች፤ ጣይባ ደግሞ ትንፋሽ እያጠራት ወሬዋን አታቋርጥም። በሚቀጥለው ምርመራ ስኳሯ ወርዶ ተገኘ፤ ሐኪሙ የፈለገው ድረስ ባይሆንም ወርዷል። ምን እንዳደረገች ቢጠይቃት ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ከመናኸሪያው ጀምራ ተረከችለት፤ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት በር እስኪያንኳኩ ድረስ።