የሚኒባሱ በር ጠርዝ

ትናንት ከሥራ ስመለስ በአንድ ጋራዥ ደጅ አለፍኩ። የፖሊሹ ሽታ አቆመኝ፤ ኦቦ ገመቹም ናፈቁኝ።

ያኔ ሰበታ ነበርን፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ምክንያት ትምህርት ስለተቋረጠ በአባቴ ጋራዥ ውስጥ እውል ነበር። አዲስ ቀለም የተቀቡ መኪኖችን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ በፖሊሽ እንደ መስታወት የሚያደርጓቸው ኦቦ ገመቹ ነበሩ።

አንድ ቀን አባቴ፣ «ኦቦ ገመቹ፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው አሉ። አሁኑኑ ወደ ቤትዎ ወደ ተፍኪ ይሂዱ» ብሏቸው ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። እሳቸው እጃቸውን ሲታጠቡ እኔ ወረቀቱን አንስቼ የአንዱን ሚኒባስ በር ጠርዝ ፈተግኩት። ነጩ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ግራጫው ብቅ አለ።

ተመልሰው ጠርዙን አዩት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠርዝ በጣት ጫፍ እንጂ በጉልበት አይነካም» አሉኝ።

«አባዬ ይቆጣኛል።»

«እሱ ምን ያያል? ዓይኑ ያለው ስልኩ ላይ ነው» ብለው ሳቁና እጅጌያቸውን እንደገና ሰበሰቡ።

ጠርዙን ቀብተው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ አለስልሰው ሲጨርሱ ታክሲ ጠፍቶ ነበር። ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በጅማ መንገድ በእግራቸው ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም። ሳይቆይ ጋራዡም ተዘጋ፤ እኛም ወደ አዲስ አበባ ገባን። ብንጠይቅም ስለሳቸው የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

አባቴ አንዳንዴ እራት ላይ፣ «ቶሎ ይሂዱ ብያቸው ነበር እኮ፤ ምን አስቆያቸው?» ይላል። እኔ ተነስቼ ሳህን ማንሳት እጀምራለሁ።