ቅመም የተጠቀለለባቸው ደብዳቤዎች

እትዬ ይርገዱ ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከእኔ ሰዓት መጠገኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን ጠበብ ያለች ክፍል ነበረቻት። ከአብዮቱ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲለውጥ አዲሶቹ አለቆች የራሳቸውን ጸሐፊ ይዘው መጡ፤ እሷም አንዲት አሮጌ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ገዝታ ለሕዝብ መጻፍ ጀመረች። መኪናዋ «መ»ን ስትመታ ከመስመሩ ከፍ አድርጋ ነው የምታስቀምጣት። ስለዚህ «መ» የዘለለችበት ወረቀት ከማን እጅ እንደወጣ ለማወቅ በጎንደር ከተማ ፊርማ አያስፈልግም ነበር።

ማመልከቻ፣ ይግባኝ፣ ለወታደር ልጅ የሚላክ ደብዳቤ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የእርቅ ልመና፣ ሁሉንም ትጽፋለች። ሰው ምስጢሩን ለንስሐ አባቱ ግማሹን፣ ለእሷ ሙሉውን ይናገር ነበር። የንስሐ አባት ይቆጣል፤ እሷ ግን «እዚህ ላይ አራት ነጥብ ላድርግበት?» ብላ ብቻ ነው የምትጠይቀው። በካርቦን ሁለት ታደርገውና ዋናውን ለባለጉዳዩ ትሰጣለች፤ ግልባጩን ጠረጴዛዋ ሥር ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣለች። ስሙንና ቀኑን በአንድ ደብተር ትመዘግባለች። ለምን እንደምታስቀር ስጠይቃት፣ ሰው ባለፈው ያመለከተውን ረስቶ ሌላ ውሸት እንዳይጨምርበት ነው አለችኝ።

በሰባ ሁለት ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ አክስቷ አርፋባት ለልቅሶ አዲ አርቃይ ወረደች። ቁልፉን ለወንድሟ ሚስት ለአማረች ሰጠቻት። አማረች ከቆላ ድባ ለሕክምና መጥታ እሷ ዘንድ የሰነበተች፣ እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሴት ነበረች። በዚያው ሳምንት ቀበሌያችን ከአብዮት በዓል በፊት ሱቅና ክፍል ሁሉ እንዲጠረግ ትእዛዝ አወጣ። አማረች ጠረገች፣ አጠበች፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባች። ከጠረጴዛው ሥር የነበሩትን ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀቶች ደግሞ ስሙ ቅዳሜ ቢሆንም በየቀኑ ወደሚቆመው ቅዳሜ ገበያ ወስዳ ለቅመም ሻጯ ለባንቺአየሁ ሰጠቻት። ወረቀት በጠፋበት ጊዜ ነበርና ባንቺአየሁ በደስታ ተቀብላ አንድ ሳህን በርበሬና ጥቂት ኮረሪማ መረቀችላት።

ነገሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሆኖ ቢሆን ማንም ባላወቀ ነበር። ቅመም የምትሸጠውም የምትገዛውም ፊደል አይለዩም ነበርና የሰው ጓዳ ሁሉ ከእርድ ጋር ተጠቅልሎ ወጥቶ ምድጃ ውስጥ ይቃጠል ነበር። በመካከሉ ግን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ባንቺአየሁ ምስክር ወረቀቷን የተቀበለችው ሐምሌ ላይ ነው። አስተማሪዋ ያልተለማመዱት ንባብ ይጠፋል ስላላት፣ የጆንያ ጽሑፍም ቢሆን ፊቷ የወደቀውን ሁሉ ታነባለች። የእትዬ ይርገዱ ግልባጮች እጇ ሲገቡ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንብባ ስትጨርስ ነው ቅመሙን የምትጠቀልለው። በሁለተኛው ቀን ቤቷ ጥቁር አዝሙድ ሞልቶ የተረፋት ሴት ሳትቀር እሷ ዘንድ ተሰልፋ ነበር።

እትዬ ይርገዱ የተመለሰችው ሐሙስ ነው። አማረች ወጥ ልትሠራላት የኮረሪማውን ጥቅል ስትፈታ ወረቀቱ ላይ «መ» ዘላ ለእትዬ ይርገዱ ታየቻት። አንሥታ አነበበችው። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ተመለከተች፤ ከንጹሕ ወለል በቀር ምንም የለም። አማረች የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻትና ፊቷ ሲለዋወጥ ብታይ፣ «ምነው፣ ሸጋ አድርጌ ጠረግሁልሽ እኮ» አለቻት።

ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። እኔ ወዲያውኑ ለደንበኞቿ እንድትነግራቸው መከርኋት።

«ምን ብዬ?» አለችኝ። «የማን እንደወጣ የማን እንደቀረ ሳላውቅ ከተማውን ሁሉ ላስደንግጥ? መጀመሪያ ልሰብስበው፣ ልለየው፤ ከዚያ የሚመለከተውን ሰው ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ።»

ሲሰሙት ብልህነት ይመስላል። እኔም ተቀበልሁት። ግን አብሯት ያለው ፍርሃት አልጠፋኝም። ባሏ ከሞተ በኋላ ያላት ነገር ስሟ ብቻ ነበር።

ዓርብ ጧት እኔ ያጠራቀምሁትን አሮጌ ጋዜጣ ተሸክሜ ቅዳሜ ገበያ ሄድን። ባንቺአየሁ ምንም አላፈረችም። አንደኛው ካርቶን አልተነካም፤ ሁለተኛው ግን ጎድሏል። በጋዜጣዬ ለውጣ መለሰችልን። አጻጻፉን አመሰገነች፤ ትንሽ ያንዛዛል እንጂ ጥሩ ነው አለች። እትዬ ይርገዱ ነገሩን ለማንም እንዳታወራ ስትለምናት በቅዱስ ገብርኤል ማለችና ጥቂት ቆይታ ጠየቀች፦

«ለመሆኑ ያቺ የሆስፒታሏ አበቡ ዝውውሩ ተፈቀደላት?»

በመንገድ ላይ እትዬ ይርገዱ እርምጃዋን አፈጠነች። አበቡን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ነርስ ናት፣ አስማረ የሚባል አስተማሪ አጭቷታል። ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ አሁኑኑ ደርሰሽ ንገሪያት አልኋት። ለቅሞ መለየቱን ልጨርስና ለሁሉም አንድ ጊዜ እናገራለሁ አለች። ክፍሏን ቆልፋ ግልባጮቹን በደብተሩ ላይ ካሉት ስሞች ጋር ማመሳከር ያዘች። ቅዳሜ ረፋድም አልጨረሰችም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አበቡ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። የአስማረ እናት በሳምንቱ መጀመሪያ የገዙትን የእርድ ጥቅል ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈትተው ኖሯል፤ ወረቀቱን ልጃቸው እንዲያነብላቸው ሰጥተውታል። አበቡ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር የጠየቀችው እናቷ ስለታመመች ነው። ማመልከቻው ላይ ግን «ትዳር የሌለኝና ለወደፊቱም የማግባት ሐሳብ የሌለኝ መሆኑ ታውቆ» የሚል አለበት። ያቺን መስመር የጨመረችው ራሷ እትዬ ይርገዱ ነበረች፤ ጥያቄውን ያጠነክረዋል ብላ።

አበቡ አልጮኸችም። «መቼ ነው ያወቅሽው?» ብላ ጠየቀች።

«ሐሙስ። ያንቺን ግን ዓርብ ጧት።»

«ዓርብ ጧት ብትነግሪኝ እኔ ራሴ ሄጄ አስረዳው ነበር። ይስቅ ነበር እኮ። አሁን ከእናቱ ፊት ነው ያነበበው።»

ይህን ብላ ወጣች። እትዬ ይርገዱ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። አመሻሹ ላይ ልየታው አለቀ። የጠፉት አርባ አንድ ነበሩ። ዝርዝሩን አምጥታ በጣቷ አንዱን ስም አሳየችኝ፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ክንዱ ነው።

ጓድ ክንዱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንግግር ግን ይወዳል። ከሁሉ የሚወደው ስለትንና ድግስን እየነቀፈ የሚናገረውን ነው። የእሱ ደብዳቤ ዳባት ላሉት እናቱ የተጻፈ ነበር። ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ ለሚካኤል የተሳለውን በግ እንዲያስገቡለት፣ ጠበልም በቅቤ ቅል ውስጥ ሸሽገው እንዲልኩለት ይለምናል። ለእሱ እንዴት ብላ እንደምትነግረው ግራ ገባት። በማግሥቱ ስብሰባ ስለነበር ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ልታገኘው ወሰነች።

እሑድ ጧት አዳራሹ ሞልቷል። ስብሰባው ስለ በዓሉ ጽዳት ይሆናል ብለን ነበር። ጓድ ክንዱ ግን ተነሥቶ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ጀመረ። ምስኪን ገበሬ ስንት ደክሞ ያረባውን በግ ለስለት ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። እሱ ሕዝቡ የተመሰጠ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። አንዳንዱ ግለሰብ ጠበል ሸሽጎ ያስመጣል ሲል አንድ ረድፍ ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማ የሌለው ሳይቀር። ባንቺአየሁ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳል ያዛት። ስለ በጉ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል፤ ሕዝቡ እንደሚያውቅ የማያውቀው ጓድ ክንዱ ብቻ ነበር።

እኔም እየሳቅሁ ነበር። ዞር ስል እትዬ ይርገዱ ላብ አጥምቋታል። እጇን አወጣች፤ አላያትም። ከዚያ ሳይፈቀድላት ተነሥታ ቆመች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ፣ ይህ አስቸኳይ ነው» አለች። «ከጥር ጀምሮ እኔ ዘንድ የተጻፉ የአርባ አንድ ሰው ደብዳቤዎች ግልባጭ ወጥቶ ገበያ ላይ ቅመም ተጠቅልሎበታል። ተነብቧልም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስማችሁ መኖሩን ለማወቅ የምትፈልጉ እኔ ክፍል ኑ፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው እነግራለሁ። የቀረውንም ግልባጭ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ።»

ጓድ ክንዱ የንግግሩን ወረቀት አጠፈ። መቼ እንዳወቀች ጠየቃት፤ ሐሙስ አለች። ከዚያ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ነጠላ ከየአፉ ወጣ። ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ ዕረፍት እንዲወጣ አዘዘ፤ ከዚያ በኋላም አልተቀጠለም።

ከአዳራሹ ጀርባ ጠራት። እኔም ያስራት ይሆናል ብዬ ተከትያት ሄድሁ።

«እኔ አለሁበት?»

«አለህበት።»

ካፖርቱን ቆለፈ፣ ፈታ። «ሐሙስ ነግረሽኝ ቢሆን ዛሬ ስለ ቆሻሻ አወራ ነበር» አላት። ሊቀጣት ቢፈልግም በምን ምክንያት እንደሆነ መጻፍ ነበረበት፤ ያንን ደግሞ ማን ይጽፍለታል? ብቻ እስከ ማክሰኞ ድረስ ወደ ቀሩት አርባ ሰዎች ሁሉ ቤት በእግሯ ሄዳ እንድትነግር አዘዛት። ሳያዝዛትም ልትሄድ ነበር።

እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ዞርሁ። አንዱ ሰደባት። አንዲት ሴት ደብዳቤ ማስጻፏንም ረስታው ነበር። አንዱ ማን ማን እንዳነበበው በስም እንድትነግረው ጠየቃትና ስትነግረው ደስ ያለው መሰለ። በዝርዝሩ ያልነበሩት አያ ሐብተ ማርያም ደግሞ ራሳቸው መጥተው ደጋግመው ካስፈለጉ በኋላ፣ ስንት የደከሙበት የድንበር ክርክር ለባንቺአየሁ አለመድረሱ አስቆጥቷቸው ሄዱ።

አስማረ ለሁለት ሳምንት አበቡን አላናገረም። በኋላ እትዬ ይርገዱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ የማግባት ሐሳብ የሌላት እሷ ናት እንጂ አበቡ እንዳልሆነች፣ ያቺ መስመር የማን እንደሆነች አስረዳችው። በጥር ተጋቡ። ለሠርጉ እኔ ተጠራሁ፤ እሷ አልተጠራችም። አበቡ መንገድ ላይ ሰላም ትላታለች፤ ከሰላምታው አልፎ ግን ምንም አልተነጋገሩም። ይህ እንደሚገባት እትዬ ይርገዱ ራሷ ነግራኛለች።

እስከ ኅዳር ድረስ መኪናዋ ሲንኳኳ አልሰማሁም። ከዚያ ሰው አንድ አንድ እያለ ተመለሰ። ግልባጭ ማስቀረቱን ተወችው፤ ባለፈው ምን ብዬ ነበር የሚላትን፣ አስበህ ና ትለዋለች። ጓድ ክንዱ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ሊሰናበታት መጣና አንድ ደብዳቤ ለራሱ በሁለት ቅጂ አስጻፋት። ካበቃ በኋላ ሁለቱንም ቅጂ ይዞ የካርቦን ወረቀቱንም ጠይቆ ወሰደ። ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየው፤ ነጥቡ ሳይቀር ይነበባል። አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

በዚያው ዓመት መሪጌታ ወልደኢየሱስ ለጥገና የሰጡኝ የእጅ ሰዓት ጠፋብኝ። መሳቢያ ገለበጥሁ፣ ወለሉን ዳሰስሁ፤ እስከ ማታ ብፈልገው አገኘዋለሁ፣ ካጣሁት ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ እትዬ ይርገዱን አማከርኋት። ገብታ መሳቢያዬ ፊት ተንበረከከች።

«ፍለጋውን እኔ እይዘዋለሁ» አለች። «አንተ አሁኑኑ ሂድና ንገራቸው።»

መሪጌታን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገኘኋቸው። ሰዓቱ የአባታቸው መታሰቢያ ነበረና ሳያቋርጡ ተቆጡኝ። ስመለስም ከእኔ ጋር መጡ፤ ሦስታችንም ተንበርክከን ስንፈልግ ዋልን።