ከሚዛን በኋላ የሚጨመሩት ሦስት ድንቾች

ሳተርኒና ቪያካ ድንች መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ልክ መዝና፣ ምንም ሳትጨምር የሸኘችው ሰው ካለ፣ ወይ ሰድቧት ነው ወይ ድንቿን እየጨመቀ አበላሽቶባት ነው። እኛ የኮቻባምባ ከተማ ሰዎች ያለ ምርቃት አንገዛም። ሁለት ኪሎው ተመዝኖ ከረጢት ከገባ በኋላ ሻጯ በእጇ ሦስት አራት ድንች ጣል ታደርግበታለች፤ ግብይቱ አለቀ የሚባለው ያኔ ነው። ረስታ ዝም ካለች ገዢው ንቅንቅ አይልም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዝናብ እየወረደብኝ ሩብ ሰዓት ቆሜያለሁ።

ሳተርኒና የምትመርቀው ሰው አይታ ነው። ለአራስ ትልልቁን፣ በደንብ ለሚያስቃት የተመረጠውን ትሰጣለች። ለእኔ ለጡረተኛው መምህር ግን እንደ ለውዝ የደቀቀውን ትለቅምልኛለች። አንድ ቀን ምን በድያት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «አንተ ጡረታም ምላስም አለህ፤ ሁለቱም ላለው ሰው ድንች ምን ይሠራለታል?» አለችኝ። ከደንበኞቿ ሁሉ የምታከብረው ዶን ፕሪሚቲቮን ነው። እኚህ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ረቡዕና ቅዳሜ ሳያስታጉሉ ከእሷ ገዝተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግማሽ ኪሎ እየገዙ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ብትነግሯት ዓይኗን በጨው አጥባ ትክዳለች።

አምና፣ ሳተርኒና ከምትሸጥበት፣ ላ ካንቻ ከሚባለው ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በአሥራ አንድ አገር ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ሱቅ ተከፈተ። ግንባሩ ላይ «ከዓለም ጋር፣ ከሰፈርዎ ጋር» ተብሎ ተጽፎበታል። ሳሙናውም ዘይቱም እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር፤ ድንቹ ግን የሚነካው ጠፋ። ታጥቦ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። የሰፈራችን ሴቶች እያነሡ አዩት፣ አፈር አፈር የማይሸት ድንች ምን ዓይነት ድንች ነው ተባባሉና ቦታው መለሱት። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ፋብሪሲዮ ከሳንታ ክሩስ ከተማ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። ሰዉ ከድንቹ ጋር ሻጯንም እንደሚፈልግ ስለገባው ሳተርኒናን ፍለጋ ገበያ ድረስ መጣ። ከሱቁ ውስጥ አንድ ጥግ ለእሷ፣ ድንቿም እንዳለ ከነአፈሩ፣ በየወሩ ደሞዝ፣ ከዚያም በላይ መደገፊያ ያለው ወንበር ሊሰጣት።

ሠላሳ አንድ ዓመት እርጥብ መሬት ላይ በርጩማ ጎልታ የተቀመጠች ሴት ጉልበት ምን እንደሚመስል የማያውቅ በወንበር ይስቅ ይሆናል። እኔ አልሳቅሁም፤ ደስ ነው ያለኝ። ከጎኗ ሽንኩርት የምትሸጠው አበልጇ ፎርቱናታ ግን አላለፈቻትም። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» አለቻት።

«መጫኛው ወንበር ካለው፣ ይጣሉኝ» አለች ሳተርኒና። ቦታዋን ፎርቱናታ እንድትጠብቅላት አደራ ብላ ሄደች።

መጀመሪያ ሁሉም አማረ። ሽንሽን ቀሚሷንና ነጭ ባርኔጣዋን አድርጋ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶውም ከራሷ ቁመት በልጦ ግድግዳው ላይ ወጣ። ፀሐይ በማይገባበት ቤት ባርኔጣዋን እንዳታወልቅ በደብዳቤ ታዘዘች። ደንበኞቿ ተከትለዋት ገቡ። የሱቁ መሣሪያ ይመዝናል፣ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ያወጣል፣ ወረቀቱ ከረጢቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሳተርኒና ከረጢቱን መልሳ ትከፍትና የምትመርቀውን ትመርቃለች። ፋብሪሲዮ እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። የእሱም እናት በገበያ ያደገች ናት።

ነገሩ የተበላሸው ከዋናው መሥሪያ ቤት ገዢው ራሱ የሚከፍልባቸው መሣሪያዎች ሲላኩ ነው። እነዚህ ዕቃውን እንደገና ይመዝናሉ፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ከበለጠ ቀይ መብራት አብርተው ይጮኻሉ። አንድ ረቡዕ ዶን ፕሪሚቲቮ ከረጢታቸውን አስቀመጡ፤ መሣሪያው ጮኸ። ጥበቃው መጣና ከረጢቱን ፈታ። ሦስት ድንች አወጣና ሰው ሁሉ እያየ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ሽማግሌው ተመርቆልኝ ነው ቢሉት፣ ወረቀቱ ላይ የታለ አላቸው። የሰው ፊት ከእሳት በላይ ይፈጃል። ሳተርኒና በዚያ ጉልበቷ እየተሳበች እስክትደርስ፣ ዶን ፕሪሚቲቮ የከፈሉበትንም ድንች እንዳለ ጥለው ሄደዋል።

ሳተርኒና ትጮኻለች ብለን ነበር፤ አልጮኸችም። ፋብሪሲዮ ቢሮ ገብታ የሆነውን ነገረችው። ልጁም እውነቱን ለመናገር ከልቡ አዘነ፤ የዚያኑ ዕለት ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈ። መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። እዚያ ያሉት ሰዎች እንደ ሀገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ የሚለው ነገር የገባቸው መሰለ። ደስ ብሏቸዋል። ከእንግዲህ መሣሪያው ራሱ ከመቶ አምስት እያሰበ ይመርቃል፣ ወረቀቱም ላይ «ምርቃት» ብሎ ከነግራሙ ይጽፋል፤ በአሥራ አንዱም አገር።

«ዶኛ ሳተርኒና፣ ልማዳችንን ዓለም ሊማረው ነው» አላት ፋብሪሲዮ ፊቱ በርቶ።

ለሚሰድበኝም ነው? ብላ ጠየቀችው። ለሁሉም እኩል ነው አላት። ሚስቱ ለሞተችበትስ? መሣሪያው እንደዚያ ያለ ነገር እንደማይጠይቅ በትሕትና አስረዳት።

«ታዲያ ልጄ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

የፋብሪሲዮ ዓይን ሳያስበው ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶዋ ሄደ። ሳተርኒና አየችው። ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። በኋላ ወንበሩ አልቆጨሽም ወይ ብላት፣ «ቆጭቶኛል እንጂ! ጥሩ ወንበር ነበር» አለችኝ። በትዕቢት የወጣች የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። ሱቁም አልከሰረ፤ ሰው እየገባ ከመቶ አምስቱን ይቀበላል። ሳሙና ልገዛ ገብቼ እኔም አንድ ሁለቴ ተቀብያለሁ፣ አልዋሽም። ሳተርኒናን ያንገበገባት ሌላ ነው። ዶን ፕሪሚቲቮ ቀሩ። ረቡዕ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ። ፎርቱናታ ከገበያው በወዲያኛው በር በኩል ሲገዙ አየኋቸው ብላ ነገረቻት። ሳተርኒና የእሳቸውን ድንች ለብቻ ለይታ እየጠበቀች፣ ማታ ላይ በንዴት ለአላፊ አግዳሚው ትሸጠዋለች። ከእኔ ጋር ሳንጣላ የዋልንበት የገበያ ቀን አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ያከበሯት ሰው በእሷ እጅ ሌባ መባላቸውን እያሰበች እንደምትብሰከሰክ ስለማውቅ ቻልኳት።

በአምስተኛው ቅዳሜ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡና፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል ግማሽ ኪሎ ጠየቁ። መዘነች፣ ከረጢት ውስጥ ጨመረች። እጇን ወደ ትልልቆቹ ስትሰድ ሽማግሌው የከረጢቱን አፍ በመዳፋቸው ከደኑት።

«ደንበኛዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምርቃቱንም መዝኚልኝ። ወረቀት ካለሽም ጻፊልኝ።»

ሳተርኒና ድንቹን እንደያዘች ቀረች። ፎርቱናታ ሽንኩርቷን አጎንብሳ ታይ ጀመር፤ እኔም የእሷን ሽንኩርት አየሁ።

ከዚያ ሳተርኒና ሚዛኑን ከተሰቀለበት አወረደችና ከኋላዋ ካለው ጆንያ ሥር ከተተችው። «ለእርስዎ ሚዛን የለኝም» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እጄ የሰጠዎትን ይዘው ይሄዳሉ። የሚጠይቅዎ ዘበኛ ካለ ወደ እኔ ይላኩት፤ ጉልበቴን እንጂ አፌን አላመመኝም።»

ዶን ፕሪሚቲቮ መዳፋቸውን ለማንሣት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲያነሡ ሁለት እጇን ሞልታ ጨመረች፣ ደገመች። ከረጢቱን አንጠልጥለው ሁለት እርምጃ ሄዱና ፎርቱናታ ፊት ቆሙ።

«አንቺስ አትመርቂኝም?»

«ምን ገዝተው?» አለች ፎርቱናታ።

«ረቡዕ እገዛለሁ።»

ፎርቱናታ እያጉረመረመች አንድ ራስ ሽንኩርት መርጣ ሰጠቻቸው።