ዱላዬ የታሰረችበት ወር

መጀመሪያ የታሰረችው ዱላዬ ናት። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዱ ጠባቂ ከእጄ ነጥቆ «ይሄ መሣሪያ ነው» አለና መዝገብ ላይ አሰፈራት። ቀጥሎ እኔን አስገቡኝ።

ጥፋቴ የቀበሌ ስብሰባ ላይ መናገሬ ነው። «እኛን ሳትጠይቁ ወስናችሁ ስታበቁ፣ ለማጨብጨብ ለምን ትጠሩናላችሁ?» አልኩ። ዛሬም እለዋለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስትሮክ ግራ ጎኔን መትቶኝ ነበር። ያለ ዱላ ሦስት እርምጃ አልሄድም ነበር። የገባሁባት ክፍል ድሮ የበቆሎ መጋዘን ነበረች፤ ወለሉ ላይ አሁንም ፍሬ ይለቀማል። አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦባታል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በሰው ጀርባ ታዝዬ መሄድ ሆነ። የሚያዝለኝ ከሃላሌ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ክፉ።

«አባባ፣ ስንት ኩንታል ተሸክሜያለሁ፣ እንደርስዎ የሚያወራ አልገጠመኝም» ይለኛል።

ስድስት ልጅ አሳድጌ እኔው ልታዘል! በሦስተኛው ቀን ውሃ መጠጣት ተውኩ።

አብሮን የታሰረ የስፖርት መምህር ነበር። ሙሉውን ኩባያዬን አየና «ለምን አይጠጡም?» አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው በእግርዎ ይሄዳሉ» አለ።

በማግስቱ ክፍሉ መሀል አቆመኝ።

«ቀኝ እግር ሲሄድ ግራ እጅ ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት!»

ቀኝ እግሬን ሳነሣ ቀኝ እጄ አብራ ትነሣለች። ግራ እግሬን ስጎትት ግራ እጄ ደረቴ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች።

«አባባ፣ ተቃራኒውን!»

«ተቃራኒውን ብዬ አይደል የታሰርኩት!»

የሃላሌው ሰው ሳቀና ተነሥቶ ጎኔ ቆመ። «መምህር፣ ገበሬ በቁጥር አይሄድም» አለ። በደቦ ስንቆፍር የምናዜመውን በወላይትኛ ጀመረ። የቀሩት በጭብጨባ ተቀበሉት። ደቦ ላይ ማንም ስለ እጁ አያስብም፤ ከጎንህ ያለው ሲራመድ ትራመዳለህ፣ ከቀረህ ይስቁብሃል። እግሬ ለካ አልረሳውም፣ ተነሣ። ግራ እጄ ግን ቀብር ካለፈ በኋላ እንደሚደርስ ዘመድ ቆይታ ብቅ አለች። ያን ቀን ውሃ ጠጣሁ።

በየጠዋቱ እንዲህ ስናደርግ በሳምንቱ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አየን። «ወታደራዊ ሥልጠና ይሰጣሉ!» ብሎ አለቃውን ይዞ መጣ።

«አሠልጣኙ ማነው?» አለ አለቃው።

በዚህ ሰበብ መምህሩን ከእኛ ለይተው ሌላ ቦታ ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ።

«ሠልጣኙ እኔ ነኝ፤ እዩኝ» አልኩ።

የሃላሌው ሰው አጨበጨበ። አራት እርምጃ ሄድኩ። በአምስተኛው እጄና እግሬ ተጣሉና አለቃው ደረት ላይ ወደቅኩ። አቀፈኝ፤ ወዶ አይደለም። ቀና አድርጎ ካቆመኝ በኋላ ጠባቂውን ዞሮ አየው።

«የጠራኸኝ ለዚህ ጦር ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የከለከለን የለም። ቀስ በቀስ ግቢውን በእግሬ መሻገር ጀመርኩ። የሃላሌው ሰው ከኋላዬ ይከተላል፤ ጀርባው ሥራ ፈታ፣ አፉ ግን አልፈታም።

በወሩ ስሜ ተጠራ። ጠባቂው ዱላዬን አምጥቶ ዘረጋልኝ።

«እሷም ተፈታች?» አልኩት።

«አባባ፣ ይያዙና ይሂዱ።»

«ያስገባሃት አንተ ነህ፤ አንተው አውጣት። እኔ በእግሬ እወጣለሁ።»

እስከ ዋናው በር ሩቅ ነው። መራመድ ስጀምር ከክፍሉ ጭብጨባው ተነሣ። መምህሩም የሃላሌው ሰውም ገና አልተፈቱም ነበር። «ፀጥታ!» ብሎ ጮኸ ጠባቂው። ዱላዬን ተሸክሞ ሲከተለኝ ግን እግሩ የሚረግጠው በጭብጨባው ምት ነበር። አንዴ ተንገዳገድኩ። አልወደቅኩም።

ዛሬ ዱላዋ ቤቴ ምሰሶ ላይ ተሰቅላለች። ሻንቶ ገበያ ስወርድ ሰው «አባባ፣ ባጃጅ ልጥራ?» ይለኛል፤ እምቢ እላለሁ። መምህሩ ከተፈታ በኋላ ሊጠይቀኝ መጥቶ አካሄዴን አየ። «ግራ እጅዎ ዛሬም ትዘገያለች» አለኝ። «ትዘግይ፣ እጠብቃታለሁ» አልኩት።

ስብሰባም ይጠሩኛል፣ አልቀርም። ጭብጨባ ሲጀመር ግን «ይቺ ገና አልደረሰችም» ብዬ ግራ እጄን አሳያቸዋለሁ።