ለአከራዬ ያነበብኩት የሸለቆ ታሪክ

ወረርሽኙ ሲገባ ጀፕ በሚባለው የስደተኞች ገበያ ሰፈር ያለው የልብስ መደብራችን ተዘጋና ቤት ዋልኩ። የምኖረው ከአንዲት ስኮትላንዳዊት አሮጊት ጓሮ በተከራየሁት ክፍል ነበር። ሰማንያ አልፏቸዋል። ዙሉዎች አያታቸውን እንደሚጠሩት «ጎጎ» እላቸዋለሁ።

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው በበሽታው ምክንያት ተላለፈ። አንድ ቀን ጠዋት በመስኮት ጠሩኝ።

«እንግሊዝኛ ታነባለህ?»

«ለሱቅ ያህል።»

«ይበቃል።»

የሰጡኝ መጽሐፍ የተወለዱበትን ገጠር ታሪክ የሚተርክ ነው፤ የአካባቢው ቄስ ከብዙ ዘመን በፊት የጻፉት። እኔ ማስክ አድርጌ በረንዳው ላይ፣ እሳቸው ከመስኮቱ ወዲያ ሆነን በየቀኑ ጥቂት ገጽ እንገፋ ጀመር። እዚያ ገጠር ባለ አንድ ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች አጃ ይዘራሉ፤ በብርዱ ወራት ከብቶቻቸውን እዚያው በሚተኙበት ቤት ያሳድራሉ፤ ግጦሹ የጋራ ነው። ወላይታ ገጠር ላደገ ሰው ብዙም የሚያስገርም አልነበረም።

ከዚያ ባለርስቱ መሬቱን ለበግ ፈለገው። መጽሐፉ፣ ሕዝቡ በፈቃዱ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ ይላል።

«ቁም» አሉኝ። «እሷን እንደገና አንብባት።»

አነበብኳት።

«ውሸት ነው! የአያቴ እናት ያኔ ልጅ ነበረች፤ በዓይኗ አይታለች። ሰዎቹ ተመልሰው እንዳይገቡ የባለርስቱ ሎሌዎች የጣሪያቸውን ወራጅ አቃጠሉባቸው። በዚያ አገር እንጨት ብርቅ ነው፤ ወራጅ ከሌለ ቤት የለም። ጻፈው።»

«የት ልጻፈው?»

«እዚያው ጎኑ ላይ። በእስክሪብቶ።»

መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው ተብዬ ስላደግኩ እጄ ትንሽ ዘገየ። ያሉትን ግን ቃል በቃል አሰፈርኩ።

«ከዚያስ ምን ሆኑ?» ስላቸው፣ ባሕር አይተው የማያውቁት ሰዎች ዓሣ ማጥመድ እንደተማሩ፣ የአያታቸው እናት ሁለት ወንድሞች በመጀመሪያው ዓመት እንደሰጠሙ ነገሩኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ያንንም ጻፍኩ። ቦታው ስለጠበበ ፊደሎቹን አሳነስኩ።

በማግስቱ፣ «ትናንት ተቆጣሁህ፤ ይቅርታ» አሉኝ።

«የተቆጡት ቄሱን ነው፣ ጎጎ።»

ጀፕ ሲከፈት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ንባቡም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሑድ ብቻ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ዓይናቸው ተሠራላቸውና ቀሪዎቹን ምዕራፎች ራሳቸው አነበቡ። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቻቸው ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው።

«ስለ ድልድይ ግንባታ ነው» አሉኝ። «ስለ ድልድይ ሲሆን ቄሱ አይዋሹም።»