ኳስ የሚከብድበት አየር

የየኔዓለም የቀኝ ጫማ አፍንጫው ተበልቷል፤ ግራው ግን ደህና ነው። ጨዋታ የሚጀመርበትን ኳስ፣ ሰርቩን፣ ስትመታ ቀኝ እግሯን መሬት ለመሬት ስለምትጎትት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቅባት አንደኛው ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ ጫማ የምታደርግ ሴት እሷ ብቻ ናት።

ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሸጣለች፤ አመሻሽ ላይ ሜዳ ቴኒስ ትጫወታለች። የሚገጥማት ስለሌለ የምትጫወተው ከግድግዳ ጋር ነው።

"የኔዓለም፣ ዛሬስ አሸነፍሽው?" ይሏታል የሚያልፉ ጎረምሶች።

"አቻ ወጣን" ትላለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ግድግዳ አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ ደህና አመሸሽ አይልም።

ያስተማሯት ጋሼ ደምለው ናቸው። ድሮ የሜዳው ጠባቂ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ከአጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያርሟታል። ትምህርታቸው አንድ ነው። "ክንድሽን ያዝ አድርጊ! አየሩ ራሱ ያደርስልሻል።" እውነታቸውን ነው። በዚህ ደጋ ስስ አየር ኳስ ክንፍ አላት፤ ትንሽ ጠንከር አድርገው ከመቷት ከመስመሩ አልፋ ትበራለች። እናም የኔዓለም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ክንዷን ስትቆጥብ ኖረች። አዲስ አበባ በተደረገው ማጣሪያ ይኸው ቁጥብ ክንድ አዋጣት፤ የዚያም አየር ስስ ነው።

ባለፈው ወር ለአህጉሩ ጨዋታዎች፣ በሴቶች የነጠላ ውድድር፣ ባሕር ጠረፍ ወዳለች ከተማ ሄደች። ከመረቡ ማዶ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማ ስታያት ደስ አላት፤ ለቅጽበት ማሸነፍ የሚባለውን ረሳችው። ከዚያ መታች። ኳሷ መረቡ ላይ ቀረች። ደግማ መታች፤ ቀረች። አየሩ እንደ ውሃ ከባድ ነበር። በነጠላ ጨዋታ ደግሞ ዞር ብለው የሚጠይቁት ሰው የለም። የመጀመሪያውን ክፍል ስድስት ለአንድ ተሸነፈች። ነገሩ የገባት በሁለተኛው መሃል ነው፤ የቆጠበችውን ክንድ ለቀቀችው። ኳሷ የመስመሩን ጥግ ልሳ ስታልፍ ራሷ ደነገጠች። ይህ ሁሉ ጉልበት የት ተደብቆ ኖሯል? በዚያኛው ክፍል እስከ አራት ደረሰች፤ ግን ረፍዶባት ነበር። በአንድ ጨዋታ ከውድድሩ ወጣች።

ስትመለስ አውቶቡሱ ሉማሜን እስኪያልፍ ለጋሼ ደምለው የምትነግራቸውን አንዲት ዓረፍተ ነገር በልቧ ስታመላልስ መጣች። ከነገረቻቸው የሽማግሌውን ትምህርት ከሥሩ መንቀል ነው። ካልነገረቻቸው ደግሞ ምን እንደደረሰባት የሚረዳት ሰው በመላው ጎጃም አይኖርም።

"እንኳን ደህና ገባሽ ልጄ" አሉ ጋሼ ደምለው። "ለመሆኑ በምን በለጠችሽ?"

"ሙቀቱ ጋሼ..."

"ሙቀት ራኬት አይዝም። በምን?"

የኔዓለም የራኬቷን ጅማት በጣቷ አስተካከለች። "ክንዴን ያዝ በማድረጌ ነው። እዚያ አየሩ አያደርስም ጋሼ። በሙሉ ክንዴ መምታት ነበረብኝ፤ አላወቅሁበትም።"

ጋሼ ደምለው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። "ወደ ዓባይ በረሃ እንኳ ወርጄ ተጫውቼ አላውቅማ" አሉ በመጨረሻ። "እኔ የማውቀው ይኼንን አየር ነው።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ቅር እንዳይልዎ።"

"እስቲ እዚያ እንደመታሻት ምቻት።"

"ትጠፋለች እኮ።"

"ትጥፋ!"

መታች። ኳሷ መስመሩን፣ ግድግዳውን፣ አጥሩን ተሻግራ ከሜዳው ኋላ ወዳሉት ባሕር ዛፎች በረረች። ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ተንጠራርተው በዓይናቸው ሸኟት።

"ወይ ጉድ! ይኼ ሁሉ አንቺ ዘንድ ነበር?" ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። "ይኼንን የሚመልስልሽ ሰው እዚህ የለም" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የኔዓለም ራኬቷን ከአጠገባቸው አስደግፋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወጣች።

"ወደ ቀኝ ነው የወደቀችው!" ብለው ጮኹ ከኋላዋ።

እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የገብስ ማሳ እየከፈለች ወደ ዛፎቹ ሄደች።