የሂሽካ ታንኳ የተሰነጠቀ ቀን

ሂሽካ ዝግባ ጠርቦ ታንኳ የሚያወጣ፣ በባሕሩ ዳር መንደሮች ሁሉ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። እንደሱ ያለ ጠራቢ አይቻለሁ የሚል ካለ ይዋሻል፤ እኔ ያላየሁት ጠራቢ የለም። አንዱማ የጠረበው ታንኳ አልንሳፈፍ ቢለው ገልብጦ ጎጆ አደረገው... እሱን ተዉት።

ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ታንኳው ተፈልፍሎ አልቋል፤ የቀረው መክፈቱ ነው። ውኃ ሞልተውበት፣ በእሳት የጋለ ድንጋይ እየጨመሩ ያፈሉታል፤ እንጨቱ ሲለሰልስ ጎንና ጎኑን በአግዳሚ እየገፉ ያሰፉታል። የዓሣ ነባሪ አደን ደርሷል፤ የዓመት ልፋት እዚያ እንፋሎት ውስጥ ነው።

"በሉ ግፉ! ቀስ እያላችሁ!" ይላል ሂሽካ።

ቋ!

ታንኳው ከአፍንጫው እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። የፈላው ውኃ ተዘረገፈ፤ ሰዉ እየተንጫጫ ሸሸ። ሂሽካ ክው አለ። አርባ ታንኳ ሲከፍት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

የወንድሙ ሚስት ፃዋ ቀደመች። "አበጥራ ነው! ቱኬት ፀጉሯን አበጥራ ነው!"

ታንኳ እስኪከፈት ጠራቢውም ሚስቱም ማበጠሪያ አይነኩም፤ ከነኩ እንጨቱ እንደ ፀጉር ይከፈላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ነገር ተባርራ ወደ አባቷ ቤት የቀዘፈች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ።

"እኔ?" አለች የሂሽካ ሚስት ቱኬት። "ይሄን የወፍ ጎጆ እዩልኝ እስቲ! ቅማሉ ይመስክርልኝ!"

"አበጥሮ መልሶ ማንጨባረር ይቻላላ፣ እቴ።"

የሳቀ የለም። የመንደሩ አለቃ ኦቂስ ወደ ሂሽካ ዞሩ። "ባሏ አንተ ነህ። ተናገር።"

ሂሽካ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን ዳሰሰ። ጎኑ ሳስቷል። እንዴት? ጠራቢ ግንዱን ከውጭ ይበሳና በሌባ ጣቱ ልክ የቆረጠውን የእንጨት ችንካር ይመታበታል፤ ከውስጥ ሲፈለፍል የችንካሩ ጫፍ ብቅ ሲል ያቆማል። አባቱም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። አንዱን ችንካር ነቅሎ በጣቱ ለካው። ልክ ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ።

ጫፍ?

የጣቱን ጫፍማ በክረምቱ ግንድ ሲሰነጥቅ ሽብልቅ ጨፍልቆት ተቆርጦ ወድቋል! በጎደለ ጣት ሃምሳ ችንካር ለክቷል። በሐሳቡ ጣቱ ሙሉ ነበረች። ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅ። በአርባ ታንኳ ያተረፈው ስሙም በነበረበት ይቆያል።

"አላበጠረችም" አለ ጉማዱን ጣት ወደ ላይ አንስቶ። "እኔ ነኝ። በዚህ ነው የለካሁት።"

 አለቃው ችንካሩን ተቀብለው ከራሳቸው ጣት ጋር አስተያዩት፤ አንድ አንጓ አጠረ። "ወይ ጉድ!" አሉ።

ቱኬት ትከሻውን አጮለችው። "ክረምቱን ሙሉ ቁስሉን ሳጥብልህ የከረምኩት እኔ ነኝ! ጣትህ መጥፋቷን ማን ይንገርህ?"

"እኔ እንጃ" አለ። "እዚያው ያለች መስሎኝ።"

ልጆች ስንጥቁ የሚሰፋበትን የዝግባ ሥር አመጡለት፤ እሱም ዳርና ዳሩን በሳ። በጎደለች ጣቱ ሥሩን በቀዳዳው ማስገባት ሲያቅተው ቱኬት ነጠቀችውና መስፋት ጀመረች። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ሊያግዛቸው ከቆመበት አልተነቃነቀም።